ደብራችን ለመብት አደባባይ ይውጣ ስትሉ ከየት መጀመር አለባችሁ

የዛሬ ጥቂት ዓመት ደሴ፣ እኛ ሠፈር ውስጥ አንዲት እናት አረፉ። ጴንጤ ነበሩ። ቅሬያችን፣ ማለት የሠፈሩ ዕድር፣ እንደወትሮው ድንኳን ተከለ፣ ወንበር አወጣ፣ ሴቶቹ ንፍሮ ቀቀሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ደረሰ። ችግሩ የመጣው ሬሳው ሊነሳ ሲል ነው። የት ይቀበሩ? የኛ ቤተክርስቲያን ግቢ አይሆንም ተባለ። የሙስሊሞቹ መካነ መቃብር የሙስሊም ነው። ለጴንጤዎቹ የተሰጠ ቦታ ደግሞ የለም። ልጃቸው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ዋለ። ሬሳው ቤት አደረ። በማግስቱ መኪና ተከራይቶ ሌላ ከተማ ወስዶ ቀበራቸው። ደብራችን ምንም አላለም። እኔ ያኔ ሰበካ ጉባኤ ውስጥ ነበርኩ። እኔም ምንም አላልኩም።

ወራት አለፉ። የኛ የደብሩ ይዞታ ማረጋገጫ ጉዳይ ተጓተተ። ፋይላችሁ ጠፋ ተባልን፣ ተገኘ ተባልን፣ እንደገና ጠፋ። ተናደድን። ሰልፍ እንውጣ አልን፣ "እኩል መብት" የሚል መፈክርም አዘጋጀን። ከጎናችን ቁሙ ልንል ወደ ቅሬው ዳኛ ቤት ሄድን። ሽማግሌ ናቸው፣ ሙስሊም ናቸው። ቶናው ተቀድቶ ነበር። ሲኒያቸውን አስቀመጡና፣ "ልጆቼ፣ መቆሙን እንቆማለን። ግን የዚያች እናት ሬሳ ቤት ያደረ ለታ እናንተ የት ነበራችሁ?" አሉን።

መልስ አልነበረንም። ሰልፉንም ተውነው። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን፣ የጠየቅኩትንና በራሳችን ላይ የደረሰውን አንድ ላይ አድርጌ ነው ይህን የምጽፈው። የሰበካ ጉባኤ አባል ከሆናችሁ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ካላችሁ፣ ወይ ደግሞ ካህን ሆናችሁ ወጣቱ "ለምን ዝም ትላላችሁ" እያለ ካስጨነቃችሁ፣ ለእናንተ ነው።

መጀመሪያ ጥያቄያችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ጻፉት። ከዚያ "እኛ" የሚለውን አውጡና "ጎረቤታችን" የሚለውን አስገቡበት። ያኔም "ልክ ነው፣ ይገባዋል" ካላችሁ ጥያቄው የእኩልነት ጥያቄ ነው። አንደበታችሁ ከተያዘ ግን የራሳችሁ ጥቅም ነው። ጥቅም መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ደብር መሬት ያስፈልገዋል፣ ካህኑም ደመወዝ ያስፈልገዋል። የእኩልነት ልብስ ግን አታልብሱት። ወሎ ውስጥ ሰው ይህን ልዩነት ቶሎ ያየዋል፣ ምክንያቱም ጎረቤቱ፣ አማቹ፣ አንዳንዴም አያቱ የሌላው እምነት ሰው ናቸው።

ጥያቄው ከተጻፈ በኋላ ቤታችሁን እዩ። የሠፈራችሁን ሸክላ ሠሪ ለጽዋ ማኅበራችሁ ትጠሯታላችሁ? አንጥረኛው ልጁን ለልጃችሁ ቢጠይቅ ምን ትላላችሁ? ሰበካ ጉባኤያችሁ ውስጥ ሴቶች ቁጭ ብለው ይሰማሉ ወይስ ይናገራሉ? ይህ ሁሉ ካልተስተካከለ አትውጡ አልልም፤ እንደዚያ ከሆነ ማንም አይወጣም። ግን አደባባይ ላይ የምትጠይቁትን ነገር ቢያንስ በራሳችሁ ግቢ መጀመር አለባችሁ።

ቀጥሎ የአገራችሁን ታሪክ ለወጣቶቹ ንገሯቸው። ይህን ክፍል አትዝለሉት። ቤተክርስቲያን ከሥልጣን ጋር ስትቆም ምን እንደሚሆን እንደ ወሎ የሚያውቅ አገር የለም። ቦሩ ሜዳ ከደሴ ቅርብ ናት። በ1870 አጼ ዮሐንስ እዚያ ጉባኤ አድርገው በቤተክርስቲያን ውስጥ የነበረውን የሃይማኖት ክርክር በአዋጅ ዘጉት። የወሎ ሙስሊምም እንዲጠመቅ የ3 ዓመት ቀነ ገደብ ተሰጠው። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፣ በኋላ ንጉሥ የሆኑት እሳቸው ናቸው። ሼህ ጦልሃ ደግሞ አልቀበልም ብለው ተዋጉ። ስንት ቤት ተፈታ፣ ስንት ሰው ተሰደደ። ቀን ክርስቲያን፣ ማታ እስላም ሆኖ የኖረም ነበር። እሱን ያስገደዱት በቤተክርስቲያን ስም ነው።

ልጅ ኢያሱም አለ። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ። መስከረም 17 ቀን 1909 መኳንንቱ ከሥልጣን ሲያወርዱት የክሱ ዋና ቃል "ሰልሟል" የሚል ነበር። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም ሕዝቡን ከገባው ቃለ መሐላ ፈቱት። በወሩ ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ የወሎ ጦር አለቀ፣ ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ። ስለ ኢያሱ የፈለጋችሁትን አስተያየት ያዙ። እኔ የምላችሁ የቤተክርስቲያን ቃል የቤተ መንግሥት መሣሪያ ሲሆን ደሙ የሚፈሰው እዚህ እኛ ቤት መሆኑን ነው።

ይቺው ቤተክርስቲያን ግን አቡነ ጴጥሮስንም ሰጥታናለች። የወሎ ጳጳስ ነበሩ። ጣሊያን አርበኞቹን እንዲያወግዙ ጠየቃቸው፣ እምቢ አሉ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደሉ። በደርግ ጊዜም ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ቴዎፍሎስና የወንጌላዊት መካነ ኢየሱስ ቤተክርስቲያኑ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ተገድለዋል። ሁለቱን ቤተ እምነቶች የሚያከራክር ብዙ ነገር አለ። በዚያ ዓመት ግን አንድ እጅ ነው የገደላቸው።

ከሁሉም በላይ የምወደው ቀን ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ነው። አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች ለእኩልነት ወጡ። ሰልፈኛው 100,000 ያህል እንደነበር ይገመታል፤ ክርስቲያኖችም አብረው ተሰልፈዋል። ያን ጊዜ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ኦርቶዶክስን የመንግሥት ቤተክርስቲያን አድርጓት ነበር። ከሰልፉ በኋላ ደርግ በዓመቱ ኢድንና መውሊድን የሕዝብ በዓል አደረገ። አንዱ የቅሬታው ጉዳይ ቃል ነበር፦ "በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች" መባል። እንደ እንግዳ። እነሱ ደግሞ "ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ነን" አሉ። ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ሥራው። ከሰልፍ በፊት ሽማግሌ ላኩ። አበጋር፣ ማለት ጠብ የሚያበርድ የአገር አስታራቂ፣ ያለበት አካባቢ ከሆናችሁ አበጋሮቹን ያዙ፣ ከተማ ከሆናችሁ ከደብሩ፣ ከመስጊዱና ከቅሬው ሰው መርጣችሁ ወደ ባለሥልጣኑ ቢሮ ሂዱ። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ ግልባጩ ላይ ማኅተምና የገቢ ቁጥር አስመቱ። "ሰጥተናል እኮ" ብቻ ከሆነ አልሰጣችሁም። ብዙ ጉዳይ ለሰልፍ ሳይደርስ የሚያልቀው እዚህ ነው፣ ብዙ ጉዳይ የሚበላሸውም እዚህ ነው። ክልል ድረስ ሄዶ መልስ ካልተገኘ እምባ ጠባቂ አለ፣ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም አለ። ጊዜ ይወስዳል። ግን በኋላ "ሳትጠይቁን መንገድ ላይ ወጣችሁ" የሚላችሁ ሰው ፊት ወረቀታችሁን ትዘረጋላችሁ።

ከዚህ ጎን ለጎን ቤተ ክህነቱን አሳውቁ። አንድ ደብር ብቻዋን ተነስታ ሰልፍ ብትጠራ ችግር ሲመጣ የሚከላከልላት የለም። ወረዳ ቤተ ክህነትና ሀገረ ስብከት በጽሑፍ ይወቁ። የ2015ቱን አስታውሱ። ያኔ ከሲኖዶሱ ውጭ ጳጳሳት ተሾሙ ተብሎ ቤተክርስቲያን ስትናወጥ፣ ሲኖዶሱ በነነዌ ጾም ጥቁር ልበሱ አለ። አገር ጥቁር ለበሰ። ለየካቲት 5 ሰልፍ ተጠርቶ ነበር። ከመንግሥት ጋር ንግግር ተደርጎ ሰልፉ ተላለፈ ሲባል ደግሞ ሰው ቤቱ ቀረ። አያችሁ? የጠራው አፍ አንድ ስለነበር ማስቆምም ቻለ። ሰልፍ ስትጠሩ መጀመሪያ "ማን ነው የሚሰርዘው?" ብላችሁ ጠይቁ። ለዚህ መልስ ከሌላችሁ ገና ናችሁ።

ያ ጥቁር ልብስ ሌላም ነገር ያስተምራል። ለተቃውሞ የግድ መንገድ መዝጋት አያስፈልግም። ጾም አለ። ምሕላ አለ። ደወል አለ። ፊርማ አለ። ሙስሊም ወንድሞቻችን ከ2004 ጀምሮ በየአርቡ "ድምፃችን ይሰማ" ሲሉ ዝም ብሎ መቆምን ሁሉ እንደ መቃወሚያ ተጠቅመውበታል። እንደዚያም ሆኖ በጥቅምት 2005 እዚሁ ወሎ፣ ገርባ ላይ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ስለዚህ ሰላማዊ ነን ማለት ብቻ አያድንም። እወቁት።

ፓርቲን በሚመለከት ጥብቅ ሁኑ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። ይህ ማለት ቤተክርስቲያን ስለ ፍትሕ አትናገር ማለት አይደለም፣ ካህኑም ዜጋ ነው፣ ይመርጣል፣ ሐሳብ ይኖረዋል። ግን መስቀል ይዞ ዐውደ ምሕረት ላይ ቆሞ "እነ እገሌን ምረጡ" ማለት አይችልም፣ አይገባውምም። የፓርቲ እጅ እንዳለበት የምታውቁት እንዲህ ነው፦ ቲሸርቱን ማን ከፈለ? ቀኑን "የግድ ያን ቀን ይሁን" የሚለው ማን ነው? ባነር ላይ የማን ፎቶ ይውጣ እየተባለ ነው? ከደብሩ ሰው ይልቅ ስለ ሰልፉ የሚጨነቅ ከውጭ የመጣ ሰው ካለ ቆም በሉ። ወጪውን ከሙዳየ ምጽዋት ሳይሆን ለዚሁ ጉዳይ ብቻ ከሚሰበሰብ መዋጮ ሸፍኑ፣ ደረሰኝ ቁረጡ፣ ሒሳቡን እሁድ ለምዕመናን አንብቡ። ሰንደቅ ዓላማን በተመለከተም ቀድማችሁ ተስማሙ፤ የትኛው ይያዝ፣ ወይስ ምንም አይያዝ። እዚያው መንገድ ላይ ከተከራከራችሁበት ሰልፉ የባንዲራ ሰልፍ ሆነ ማለት ነው።

ሕጉ ከባድ አይደለም፣ ግን ማንበብ ይጠይቃል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል፣ አንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነትን፣ አንቀጽ 30 ደግሞ ያለ መሣሪያ በሰላም መሰብሰብንና ሰልፍ መውጣትን ይፈቅዳል። አፈጻጸሙ በአዋጅ ቁጥር 3/1983 ነው። ከሰልፉ 48 ሰዓት በፊት ለከንቲባው ጽሕፈት ቤት፣ ገጠር ከሆነ ለወረዳው አስተዳደር በጽሑፍ ታሳውቃላችሁ። ልብ በሉ፣ ማሳወቅ ነው። ዓላማውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የምታልፉበትን መንገድ፣ የአስተባባሪዎቹን ስምና አድራሻ፣ ከፖሊስ የምትፈልጉትን እርዳታ ጻፉ። ቦታ ወይ ሰዓት ቀይሩ ሊሏችሁ ይችላሉ፣ ያንንም ደብዳቤያችሁ ከደረሳቸው በኋላ ባሉት 12 ሰዓታት ውስጥ በጽሑፍ መስጠት አለባቸው። ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ ሰልፍ ከቤተክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከሆስፒታልና ከመቃብር 100 ሜትር ውስጥ አይደረግም። ስለዚህ ከደብሩ በር ላይ ተሰልፎ መነሳት የሚባለውን ተዉት። ቅዳሴው አልቆ ሰው በሰላም ይበተን፣ ሌላ ቦታ ይገናኝ። ይህ ለራሳችሁም ጥሩ ነው፤ ለጸሎት የመጣች አሮጊት ሳትፈልግ ሰልፈኛ አትሆንም።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ካለ ሰልፍ አትጥሩ። ወሎ ያለፈበትን ሁላችንም እናውቀዋለን። ተኩስ በሚሰማበት ሳምንት ልጅ ያዘለች እናትን አደባባይ መጥራት ጀግንነት አይደለም። ያን ጊዜ ጾሙ፣ ደብዳቤው፣ ሽማግሌው ይቅደም።

ልምምድን በተመለከተ ከአሜሪካ ጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት የምንማረው አለ። ሰው የሚያስታውሰው የማርቲን ሉተር ኪንግን ንግግር ነው። እኔን የገረመኝ ግን ከንግግሩ በስተጀርባ ያለው ሥራ ነው። ሞንትጎመሪ የምትባል ከተማ ላይ በፈረንጆቹ 1955 ጥቁርና ነጭን ለይቶ በሚያስቀምጥ አውቶቡስ አንሳፈርም ሲሉ 381 ቀን ነው የቆዩት። ይህን ሁሉ ቀን ሰው በምን ሥራ ደረሰ? ተራ አወጡ፣ መኪና ያለው የሌለውን ጫነ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ በራሳቸው ስም መኪና ገዝተው ሰው አመላለሱ። ናሽቪል የምትባል ሌላ ከተማ ላይ ደግሞ ጄምስ ላውሰን የሚባል የነገረ መለኮት ተማሪ ወጣቶቹን በቤተክርስቲያን ምድር ቤት እየሰበሰበ አለማመዳቸው። አንዱ ተሳዳቢ ይሆናል፣ የሲጋራ ጭስ ፊታቸው ላይ ይለቃል፣ ከወንበር ይጎትታቸዋል። ሌላው አይመልስም። ደግመው ደጋግመው። በፈረንጆቹ 1960 ጥቁር አናስተናግድም የሚሉ ምግብ ቤቶች ውስጥ ሄደው ሲቀመጡ የደረሰባቸው ያው የተለማመዱት ነው፣ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ምግብ ቤቶቹ ጥቁሮችን ማስተናገድ ጀመሩ።

እናንተም በሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ይህን አድርጉት። አንዱን "ፖሊስ ሁን"፣ ሌላውን "ድንጋይ ወርውር የሚል ጎረምሳ ሁን" በሉት። የኛ ልጆች ሲለማመዱ አንዱ ጸባዩ ለስላሳ የሆነ ዲያቆን "አባትህን" ብሎ ሲሰደብ ጡጫው ሳያውቀው ተነሳ። ሁላችንም አየን፣ እሱም አየ። እንዲህ ያለው ነገር አዳራሽ ውስጥ ቢታይ ይሻላል። በእጃቸው የሚይዙትንም አስቡ። የምሥራቅ ጀርመኗ የላይፕዚግ ከተማ ሰዎች በፈረንጆቹ 1989 ከኒኮላይ ቤተክርስቲያን ጸሎት ለተቃውሞ ሲወጡ ሻማ ይዘው ነበር፤ አንድ እጅ ሻማውን ይይዛል፣ ሌላው ነፋስ እንዳያጠፋው ይከልላል። ድንጋይ የሚይዝ እጅ አልተረፈም። እኛ ጧፍ አለን።

በቀኑ ከየ30 ሰው አንድ አስተባባሪ ይሁን፣ ነጠላውን አንድ ዓይነት አድርጎ ያጣፋ፣ ከሩቅ እንዲለይ። መፈክር የሚጻፈው ቀድሞ ነው፣ እዚያ የሚፈለሰፍ መፈክር የለም። መፈክሩን ለመስጊዱ ሰው አንብቡለት፣ ፊቱን እዩ። ቅር ካለው ቀይሩት። ሽማግሌዎች ፊት፣ ወጣቶች ዳር፣ ሕፃናት ቤት። ሞቅ ያለው ልጅ ቲክቶክ ላይ ቀጥታ ልቀቅ ካለ የታወቀ አንድ ሰው ብቻ ይቅረጽ፤ የሰው ፊት እየተለቀመ ማግስቱን ማን እንደሚጎዳ አታውቁም። የተባለው ሰዓት ሲደርስ ተበተኑ። አንድ ደቂቃ አትጨምሩ።

ካለቀ በኋላ መንገዱን ጥረጉ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ መጥረጊያ ይዛችሁ ውጡ። ሱቁን ዘግቶ ለዋለው ነጋዴ ደጃፉ ጠዋት ከነበረው ንጹህ ሆኖ ያግኘው።

የኛ ነገር የት ደረሰ ካላችሁ፣ የይዞታውን ፋይል ሁለተኛ አደረግነው። ሰበካ ጉባኤው ቁጭ ብሎ፣ ብዙ ተከራክሮ፣ ሁለት ሰው ተቆጥቶ ወጥቶ፣ በመጨረሻ መጀመሪያ የምንጠይቀው ለጴንጤዎቹ የመቃብር ቦታ ይሁን አለ። ደብዳቤውን እኔ አረቀቅኩት። "በአካባቢያችን የሚገኙ የሌላ እምነት ተከታዮች" ብዬ ጻፍኩ። መሪጌታችን መነጽራቸውን አውልቀው አነበቡት፣ እንደገና አድርገው አነበቡት። ከዚያ ብዕሬን ተቀበሉኝና መስመሩን በሙሉ ሰረዙት። ከላዩ ላይ በዚያ በሚያምር ቁም ጽሕፈታቸው "የቅሬያችን አባላት" ብለው ጻፉ። የ1966ቱ ሰዎች ለምን ስለ አንድ ቃል አደባባይ እንደወጡ የገባኝ ያኔ ነው።

ደብዳቤው ላይ የደብሩ ማኅተም፣ የመስጊዱ ኮሚቴና የቅሬው ማኅተም አለ። መዝገብ ቤት ገብቷል፣ የገቢ ቁጥሩ ኪሴ ውስጥ ነው። በየሰኞው ሦስት ሰው እየሄደ ይጠይቃል፤ አንድ ከኛ፣ አንድ ከመስጊዱ፣ ሦስተኛው ያ እናቱን ሌላ ከተማ የቀበረው ልጅ። እስካሁን ሰልፍ አልወጣንም። የፊታችን ሰኞ ተራው የኔ ነው።